ባቡሩ የሚያድርበት ጣቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በመኪና የሚወርድ ሰው አዋሽ ሰባት ኪሎን የሚያውቃት በምሳዋ ነው። 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ይደርሳል፣ ጥብስ ያዛል፣ ሙቀቱን ያማርራል፣ ነዳጅ ቀድቶ ይሄዳል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከተማዋን የወለዳት የምድር ባቡር ጣቢያ እንዳለ ብትነግሩት «እሱማ ተዘግቶ የለ?» ይላል። አዎ፣ የድሮው ባቡር ቀርቷል። የፋሲል ግንብም ንጉሥ አይኖርበትም፤ ሰው ግን ጎንደር ደርሶ ሳያየው አይመለስም።

ስለ መስመሩ ሁሉም የሚያውቀውን ቶሎ ብዬው ልለፍ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዎን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቆመ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1895 ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ሜዳ ላይ ደረሰ፤ መጀመሪያ የታለመችው ሐረር ግን ተራራዋ ላይ እንዳለች ቀረች። ገንዘብ አለቀና ኩባንያው ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሃዲዱን አዋሽ ወንዝን አሻገረው፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ አስገባው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር። መስመሩ ነጠላ ነበር። ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ሃዲዱ መንታ በሚሆንበት ቦታ፣ ማለትም ጣቢያ ላይ ነው። ስለዚህ የጣቢያው ሹም ቀጣዩን ጣቢያ ጠይቆ መንገዱ ነፃ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር አይለቅም ነበር። በየበረሃው ተዘርግተው የምናያቸው ትንንሽ ጣቢያዎች፣ ኤረር በሉት አፍደም ወይም ሚኤሶ፣ ሰው ለማውረድና ለመጫን ብቻ የቆሙ አይደሉም። እነሱ ባይኖሩ ወጪና ወራጁ ባቡር መሀል ሜዳ ላይ ግንባር ለግንባር ይገናኙ ነበር።

አዋሽ ግን ከእነዚያ ሁሉ ይለያል። ልዩነቱን ለመረዳት ከጣቢያው ቤት አትጀምሩ። ትኬት መሸጫው፣ የዕቃ መጋዘኑ፣ የሠራተኞቹ መኖሪያ፣ እነዚህ በየትኛውም ጣቢያ አሉ። ጀምሩ ከቡፌው።

የአዋሽ ቡፌ ከሃዲዱ ጎን ያለው በረንዳማ ቤት ነው። ስለ እሱ ከምሰማቸው ወሬዎች ሁሉ እጅግ የሚያናድደኝ «ፈረንጆች ለመዝናኛ የሠሩት ሆቴል ነው» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ «የጃንሆይ ማረፊያ ነበር» ይላል። ጎብኚ መጥቶ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጃንሆይ የተኙበት ክፍል የትኛው ነው? አልጋውን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ንጉሥም ሆነ መስፍን በዚህ መስመር ሲያልፍ እዚህ ቢያርፍ ምን ይገርማል? በዚያ ዘመን ሌላ የት ይረፍ?

እውነቱ ከወሬው ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ተራው የመንገደኛ ባቡር ሌሊት አይጓዝም ነበር። ጅቡቲ የተሳፈረ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው፤ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። ድሬዳዋ የባቡሩ ዋና ከተማ ስለነበረች ማደሪያ አይቸግርም። አዋሽ ላይ ግን ያኔ ከእሾህና ከድንጋይ በቀር የሚጠብቅ አልነበረም። ኩባንያው እዚህ ሜዳ ላይ ለአንድ ባቡር ሰው እራት፣ ውሃና መኝታ ማሰናዳት ነበረበት። ቡፌው የተሠራው ለዚህ ነው። የጉዞ ሰሌዳው ቡፌውን ይፈልገዋል፤ ቡፌው ባይኖር ባቡሩ አዲስ አበባ አይደርስም።

ለምን ሌሊት አይሄድም? ይህን ጥያቄ ድሬዳዋ ላይ ላገኘኋቸው ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ አቅርቤላቸው ነበር። አባታቸውም ባቡር ላይ የሠሩ ናቸው። «ጋሼ፣ ፋኖስ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አይ አንተ ልጅ! ፋኖስ ከፊትህ ያለውን ነው የሚያሳይህ። ድልድዩ መኖር አለመኖሩን ማን ያሳይሃል?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ሃዲዱ የሚያልፈው ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ቆላው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ደራሹ ግን በዚያ በደረቁ የአሸዋ ወንዝ ውስጥ ሳይታሰብ ይመጣል። የድልድይ እግር ይቦረቡራል፣ ከሃዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ጠራርጎ ይወስዳል። ቀን ከሆነ ነጂው ከሩቅ አይቶ ፍሬን ይይዛል። ሌሊት ግን የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ግመልና ከብት አለ። ሃዲዱ በግጦሻቸው መሀል ያለፈባቸው አርብቶ አደሮችም ገና ከጅምሩ ደስተኞች አልነበሩም፤ በግንባታው ዘመን በሠራተኞች ላይ ጥቃት ደርሷል። ኩባንያው ይህን ሁሉ ደምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ባቡሩን ማሳረፍ መረጠ።

አዋሽ የተመረጠችበት ምክንያትም ከካርታው ይነበባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ። ስለዚህ የሦስተኛው ቀን ጉዞ በመተሐራ፣ በናዝሬትና በሞጆ አድርጎ ሲወጣ የሚውል ዳገት ነው። የእንፋሎት ባቡር ይህን ዳገት ከመጀመሩ በፊት ውሃ መጠጣት፣ አመዱን ማራገፍ፣ ብሎኑን ማስፈተሽ አለበት። ሰው እራቱን ሲበላ ባቡሩም ይበላል ማለት ነው።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ቡፌውን እንደገና እዩት። ከሃዲዱ ለምን ጥቂት እርምጃ ብቻ ራቀ? ሻንጣ የያዘ ሰው በጨለማ ሩቅ እንዳይሄድ ነው። በረንዳው ለምን ይህን ያህል ሰፋ? በአዋሽ ሙቀት ሰው ውጭ ካልተቀመጠ እራት አይወርድለትም። ክፍሎቹ በራቸውን ወደ በረንዳው የከፈቱት ነፋስ እንዲገባ ነው፤ ሌሊት ሳይነጋ እንግዶቹን በየተራ ለመቀስቀስም ይመቻል። እኚያው ጋሼ አባታቸው የነገሯቸውን ሲያስታውሱ «በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር። ያ ሰው ካልተነሣ አዲስ አበባ ማንም አይደርስም» ብለውኛል። እኔ ከጃንሆይ አልጋ ይልቅ የዚያን በር አንኳኪ ታሪክ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ቡፌው ውስጥ ያደረው ማን ነው? አንደኛ ማዕረግና ሁለተኛ ማዕረግ። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረው፣ ቁጥሩ የሚበዛው ሕዝብ፣ ፉርጎው ውስጥ ወይም ከጣቢያው ጥላ ሥር ኩታውን ተከናንቦ ነው ያደረው። እኔ እንደሚመስለኝ አዋሽ ሰባት ኪሎን ከተማ ያደረጋት ይህኛው መንገደኛ ነው። ለእሱ ወጥ የሠራችው፣ ሰሌን ያከራየችው፣ ሻይ ያፈላችው ሴት ጎጆዋን ከሃዲዱ አጠገብ ቀለሰች። ስሟ በየትኛውም የጉብኝት መጽሐፍ የለም።

ወንዙንም አንርሳው። ከከተማዋ ጀርባ በእግር ጥቂት ሲሄዱ መሬቱ ድንገት ይቆረጣል፤ አዋሽ ወንዝ ከገደሉ በታች ይታያል። ለሃዲድ ሠሪዎቹ ከመስመሩ ከባድ መሰናክሎች አንዱ ይህ ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ወደ አዲስ አበባ ሲሸሹ የአዋሽን ድልድዮች አፍርሰው ሄዱ፤ የእንግሊዝ ጦር ግን ሊዘገይ የቻለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

የአዋሽን ስም ለዓለም ያሰማው ግን ሌላ ቀን ነው። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አንድ የመንገደኛ ባቡር ከከተማዋ አቅራቢያ፣ ድልድይ ባለበት ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሃዲዱ ወጣና ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እንደሆነ ይነገርለታል። ጣቢያውን የሚጎበኝ ሰው ይህን ሳያውቅ ሃዲዱ ላይ ተደርድሮ ሲስቅ ሳይ ደስ አይለኝም። ሳቁን አልከለክልም፤ ግን ቢያንስ ይወቀው።

ባቡሩ አዋሽ ማደሩን የተወው ቀስ በቀስ ነው። ሊቶሪና የሚባለው ባለሞተር ፉርጎ መጣ፣ ከዚያም በናፍጣ የሚሠሩ ባቡሮች የእንፋሎቱን ቦታ ያዙ፤ ጉዞው አጠረ፤ ቡፌው ከማደሪያነት ወደ ምግብ ቤትነት ወረደ። በኋላ አስፋልቱ ነጋዴውን ወሰደበት፣ መለዋወጫም ጠፋ፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሃዲድና የራሱ ጣቢያ አለው፤ የአሮጌውን ጣቢያ ደጃፍ አይረግጥም። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የሚወጣው መስመርም የሚነሣው ከአዋሽ ነው። «አዋሽ ጣቢያ ሄጃለሁ» የሚለኝን ሰው ሁልጊዜ «የትኛው?» እያልኩ የማስቸግረው ለዚህ ነው፤ ብዙው ሰው ያየው አዲሱን ነው።

አሮጌው ጣቢያ ቅርስ ነው ለማለት የማንንም ማኅተም አልጠብቅም። ችግሩ ብረቱ መሸጡ፣ እንጨቱ መነደዱ ነው። ስሙን በሚስማር ግድግዳው ላይ የሚጽፍ ተማሪም አለ፤ እሱን አንድ ቀን በጆሮው ብይዘው ደስታዬ ነው። የበር እጀታ ነቅሎ «መታሰቢያ» ብሎ የሚወስደው ጎብኚ ደግሞ ይብሳል፤ የወሰደው ያንኑ የሚንኳኳ በር ነው።

ቤታችሁ የድሮ የባቡር ሠራተኛ አባት ወይም አያት ካለ፣ ፎቶውንና የጉዞ ሰሌዳውን ከሳጥኑ አውጡና ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ነገ ላይመች ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱም ከምሳችሁ ላይ አንድ ሰዓት ቀንሱ። ወደ ጣቢያው ግቡ፣ ከቡፌው ጀምሩ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ጥበቃውን አስፈቅዱ።