የሕፃናት የማጠራቀምና የማስጌጥ ጨዋታ በዋግ ኽምራ፦ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ቅጠሎች መካከል የከረሜላ መጠቅለያ፣ ከማስቲካ ጋር የሚገኝ ሥዕል ወይም ከአሮጌ መጽሔት የተቆረጠ ፎቶግራፍ ደብቆ ሲገኝ፣ ብዙ መምህራን የሚወስዱት የመጀመሪያ እርምጃ ዕቃውን መቀማትና ልጁን መገሠጽ ነው። ለዚህ እርምጃ ምክንያት አይታጣለትም። ደብተር ወላጅ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ የሚገዛው ነው፤ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ የተማሪውም ቁጥር ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የተቀማው ዕቃ ምን እንደ ነበረና ልጁ ለምን እንደ ሰበሰበው የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕፃናት ዕቃ የማጠራቀምና ያጠራቀሙትንም በየግላቸው የማስጌጥ ልማዳቸው ከምን እንደሚመነጭ፣ በዋግ ኽምራ አካባቢ ምን መልክ እንዳለውና በትምህርት ቤት ምን ሊሠራበት እንደሚችል ማስረዳት ነው። በመጨረሻም ልማዱን ችላ ማለት በአካባቢው ሊያስከትል የሚችለው አደጋ ይገለጻል።

1. የማጠራቀም ባሕርይና የሕፃናት ዕድገት

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ካሮላይን ፍሪር በርክ እ.ኤ.አ. በ1900 ያሳተሙት ነው። ተመራማሪዋ በካሊፎርኒያ የሚገኙ የትምህርት ቤት ልጆችን ጠይቀው እንደ ተረዱት፣ ከ10 ልጆች ዘጠኙ ያህል በወቅቱ አንድ ዓይነት ነገር ያጠራቅሙ ነበር። ልማዱ የሚበረታው ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ይህም በአገራችን ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ነው።

ዕድሜው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የስዊስ የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ እንዳስረዱት፣ ልጅ ነገሮችን በወገን በወገናቸው መክፈልና በመጠን ቅደም ተከተል መደርደር የሚችለው ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። ሊቁ ለዚህ ምርመራ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ቡናማና ነጭ የእንጨት ዶቃ ነበር። ምርመራው በማናቸውም ክፍል በቀላሉ ሊደገም ይችላል። መምህሩ 8 ቀይና 4 ቢጫ ቆርኪዎች አቅርቦ «የሚበዛው ቀዩ ቆርኪ ነው ወይስ ጠቅላላው ቆርኪ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ «ቀዩ» ብሎ ይመልሳል። ቀዩን ከቢጫው ጋር ያስተያያል እንጂ ክፍልን ከጠቅላላው ጋር ገና ማነጻጸር አልቻለም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ያው ልጅ በጥያቄው ሊስቅ ይችላል።

በዚህ መካከል ባሉት ዓመታት ልጁ ማንም ሳያዝዘው ይለያል፣ ይቆጥራል፣ ይደረድራል፣ ይለዋወጣል። ስለዚህ ማጠራቀም በውስጡ የሚያድገው የማመዛዘን ችሎታ የሚለማመድበት ሥራ ነው ማለት ይቻላል። እንዲሁም ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ልጆች ብይ ሲጫወቱ ሕግን እንዴት እንደሚያወጡ፣ እንደሚጠብቁና በስምምነት እንደሚለውጡ አሳይተዋል። በዕቃ ልውውጥም እንዲሁ ልጆች ዋጋን፣ ውልንና ሐቅን ይማራሉ።

2. ልማዱ በልዩ ልዩ አገሮችና በኢትዮጵያ

በኢንዱስትሪ በበለጸጉ አገሮች ይህ ልማድ ከንግድ ጋር ተቆራኝቷል። በአሜሪካ ስታንተን አቬሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ውኃም ሆነ ሙጫ ሳይሻ የሚለጠፍ ወረቀት ለገበያ አቀረቡ፤ ዛሬ ስቲከር የሚባለው ተለጣፊ ሥዕል የተስፋፋው በዚህ ዓይነቱ ወረቀት ነው። በኢጣልያ ሞዴና ከተማ የተመሠረተው ፓኒኒ የተባለው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን ሥዕል ከነመለጠፊያ መጽሐፉ አሳትሞ ሸጠ። በዚህ አሠራር የሥዕሉን ዓይነት የሚወስነው አታሚው ሲሆን፣ ለልጁ የሚቀረው መግዛት፣ መለዋወጥና ባዶውን ቦታ መሙላት ነው።

በአገራችን የታተመ ስቲከር በከተሞች የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ቢገኝም፣ የልማዱ መሠረት ግን ሌላ ነው። የከተማ ልጅ ቆርኪ ያጠራቅማል፤ በጨዋታው ገንዘብ ያደርገዋል፤ ጠፍጥፎ ለሽቦ መኪናው ጎማ ያበጅለታል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ በቀለም ሥለው ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ሳንቲምም ይቀበላሉ። አንድ ልጅ ለበዓሉ በርካታ ሥዕል ሲያዘጋጅ ወረቀቱን ያብቃቃል፣ ንድፉን ይደጋግማል፣ ለማን የትኛው እንደሚስማማ ይመርጣል። ይህም በራሱ ፈቃድ የጀመረውና የፈጸመው የንድፍ ሥራ ነው።

3. የዋግ ኽምራ ገጽታ

በሰቆጣ ደጋም ሆነ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው በዝቋላ ወረዳ፣ በዋና ከተማው በጽጽቃና በአካባቢው፣ የታተመ ሥዕል እንደ ልብ አይገኝም። ልማዱ ግን አለ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ለቅልብልቦሽና ለገበጣ የሚሆን ድቡልቡል ጠጠር ይመርጣል፤ ከጭቃ በሬና ላም ሠርቶ በቀንዳቸውና በመጠናቸው ይለያቸዋል። ልጃገረድ ከእናቷ ሥር ሆና ስፌት ስትማር ቀለም የተነከረውን አክርማ እየቆጠረች ታስገባለች፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተች ጌጡ ይዛነፋል።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን የሻደይ ዝግጅት ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣና በአካባቢው የሚከበረው ይህ የልጃገረዶች ጨዋታ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር ሰብስበው፣ ርዝመቱን አስተካክለው፣ በገመድ ላይ እኩል አድርገው በማሠር በወገባቸው ያገለድሙታል። ዶቃውን በመጠንና በቀለም እያፈራረቁ ይሰካሉ፤ ጠጉራቸውንም ተሠርተው ይዋባሉ። መሰብሰብ፣ መለየት፣ መለካት፣ መደርደርና ማስዋብ በአንድነት የሚገኙበት ሥራ ነው። እነዚሁ ልጃገረዶች መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ስለ ቅደም ተከተልና ስለ ንድፍ ምንም እንደማያውቁ ተቆጥረው ትምህርቱ ከሀ ይጀመርላቸዋል።

4. በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችለው

ከአካባቢ ዕቃ የማስተማሪያ መሣሪያ ማዘጋጀት ለኢትዮጵያ መምህራን አዲስ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየአውራጃው የተቋቋሙት ፔዳጎጂካል ማዕከሎች ተግባራቸው ይኸው ነበር። የአንደኛ ክፍል ተማሪም ቆርኪና እንጨት ለመቁጠሪያ ይዞ እንዲመጣ ሲታዘዝ ኖሯል። ሆኖም በዚያ አሠራር የሚያዘጋጀው ወይም የሚያዝዘው መምህሩ ነው። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ከዚያ የሚለየው ልጁ ራሱ መርጦ ያጠራቀመውን የትምህርቱ መነሻ በማድረጉ ነው።

ሀ. መለየትና መቁጠር። ተማሪዎች ስድስት ስድስት እየሆኑ ያጠራቀሙትን ያቀርባሉ፤ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ የዛፍ ፍሬ ወይም የማሽላና የሽምብራ ዘር ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ በመሰላቸው መንገድ ይለዩት፤ ከዚያም በሌላ መንገድ ይለዩት። በቀለም የተለየው በመጠን ሲለይ ወገኑ እንደሚለወጥ ያያሉ። የየወገኑን ቁጥር በመሬት ላይ በረድፍ ቢደረድሩት ያለ ወረቀት የአምድ ግራፍ ይሆናል። 24 ቆርኪ በ4 ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በ3 ረድፍ ስምንት ስምንት፣ በ2 ረድፍ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ሆኖ ይደረደራል፤ 23 ቆርኪ ግን ከአንድ ረድፍ በቀር በእኩል አይደረደርም። የብቸኛ ቁጥር ትርጉም በሰሌዳ ከመጻፉ በፊት በእጅ ይታወቃል።

ለ. ተለጣፊ ሥዕል መሥራት። በዋግ ቆላማ ቀበሌዎች የግራር ሙጫ ይገኛል። ከግራር ወገን ከሆኑ ዛፎች የሚለቀም ሙጫ በፖስታ ቴምብር ጀርባ ለረጅም ዘመን ሲቀባ የኖረ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ንጹሕ ሙጫ ተወቅጦ አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ አድሮ ሲሟሟ በጨርቅ ይጠለላል። ተማሪው በአንድ በኩል የተጻፈበትን ያገለገለ ወረቀት ወስዶ በባዶው በኩል የመረጠውን ይሥላል፤ በተጻፈበት በኩል ሙጫውን በላባ ስስ አድርጎ ቀብቶ በጥላ ያደርቀዋል። ሲደርቅ ይቆርጠዋል፤ በፈለገ ጊዜ ጀርባውን አርጥቦ ይለጥፈዋል። ለጥቁር ቀለም ከሰል፣ ለቀይ ቀይ አፈር፣ ለቢጫ እርድ ይበቃል። በዚሁ አካባቢ የሚለቀመው ዕጣን ግን በውኃ ሙሉ በሙሉ ስለማይሟሟ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይህን ልዩነት ልጆቹ ራሳቸው በሁለት ጽዋ ሞክረው ቢደርሱበት የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ይሆናል።

ሐ. ቋንቋ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ ኽምጣና በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ገብቷል። ተማሪው በሠራው ተለጣፊ ላይ የዕቃውን ስም በኽምጣናና በአማርኛ ጽፎ በበሩ፣ በወንበሩ ወይም በማድጋው ላይ ቢለጥፈው፣ ክፍሉ የሚነበብ ክፍል ይሆናል። የሚነበብ መጽሐፍ በማይበዛበት ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርትን ስለሚያካትት፣ ለእነዚህ ተግባራት የተለየ ክፍለ ጊዜ መፍጠር አያስፈልግም።

5. ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

አንደኛ፣ ሥራው የሽልማት መወዳደሪያ መሆን የለበትም። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ለሥዕላቸው ሽልማት እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ከተሸለሙ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የመሣል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ሽልማት ያልተጠበቀባቸው ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ልጁ በፍቅር የጀመረውን በዋጋ ማስቀጠል ፍቅሩን ያዳክመዋል።

ሁለተኛ፣ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ለማጠራቀሚያነት ቢፈቀድ ድሀውን ልጅ ያሳፍራል፤ ለስርቆትም ይጋብዛል። ስለዚህ ስብስቡ ከሜዳና ከቤት በነፃ በሚገኝ ነገር ላይ ቢወሰን ይመረጣል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሕይወት ጉዳይ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ዋግ ኽምራንም አዳርሷል። ውጊያ ባለፈበት መሬት ላይ ቀለህ ብቻ ሳይሆን ያልፈነዳ ተተኳሽም ይቀራል። ይህም ዕቃ ያብለጨልጫል፣ ቅርጹ ያምራል፣ ለእጅ ይመቻል፤ በሌላ አነጋገር፣ የሚያጠራቅም ልጅ የሚፈልገው ጠባይ ሁሉ አለው። በሰሜን የአገራችን ክፍል እንዲህ ያለውን ነገር አንሥተው ሲነካኩ የሞቱና አካላቸውን ያጡ ሕፃናት አሉ።

በዚህ ረገድ የመምህሩ የዕለት ተዕለት ጠባይ ወሳኝ ነው። የከረሜላ መጠቅለያ በመያዙ የተቀጣ ልጅ የሚማረው ማጠራቀምን መተው አይደለም፤ የሚማረው መደበቅን ነው። ነገ በእርሻ ጠርዝ ያገኘውን ብረት ለማን ያሳያል? ያጠራቀመውን በግልጽ ማሳየት የለመደ ልጅ ግን ስላየው እንግዳ ነገርም መጥቶ ይናገራል። በመሆኑም እያንዳንዱ ክፍል የሚጠራቀመውንና የማይጠራቀመውን ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ ቢወስን ይገባል። ከሜዳ የተነሣ ብረት፣ ባዶ ቀለህም ቢሆን፣ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ለልጆቹ የሚሰጠው ትምህርት አጭር ነው፦ አትንኩ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ለአዋቂ ንገሩ። ተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር ይዞ ቢመጣም መምህሩ ዕቃውን ሳይነካ ተማሪዎችን አርቆ ለጸጥታ አካላት ማስታወቅ እንጂ ልጁን በሰው ፊት መቅጣት አይገባውም፤ ቅጣቱ ሌሎቹን ዝም ያሰኛልና።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው እንደሚታየው፣ ማጠራቀምና ማስጌጥ ከትምህርት የሚያዘናጋ ልማድ ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ልጁ በዕድሜው የደረሰበትን የማመዛዘን ችሎታ በራሱ ፈቃድ የሚለማመድበት መንገድ ነው። ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጦርነት ትምህርት ቤቶችን በጎዳበትና ድርቅ በሚደጋገምበት አካባቢ፣ ወጪ የማይጠይቅና ልጁ በእረኝነት ላይ ሆኖም ሊቀጥለው የሚችል የመማሪያ መንገድ በመምህራን ሥልጠናና በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ለመምህሩ ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ከዚህም ያነሰ ነው። ከደብተር መካከል የወደቀውን መጠቅለያ ከመቀማት በፊት «ይህን ከየት አገኘኸው? ሌላስ ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የልጁ መልስ ለነገው ትምህርት መነሻ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ሊያድን ይችላል።