ከጽኑ በሽታ ለተነሣ ሰው ስለሚያስፈልገው የመንፈስ እንክብካቤ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤

አንድ ሰው በጽኑ ተላላፊ በሽታ ተይዞ ብዙ ጊዜ ከተኛ በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ሲለው የነበረው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» እያለ ይጠይቀዋል። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ሳሉም ቆሟል፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሰውየው ራሱ ግን ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ ያድራል፤ ቀን ከሰው ጋር መቀመጥ ያስጠላዋል፤ በትንሹም በትልቁም ይቈጣል ወይም ያለቅሳል። ቤተ ሰቡም «ድኖ ሳለ ምን ነካው?» እያለ ይደነቃል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው፤ ይኸውም ገላ ከዳነ በኋላ መንፈስ ገና በሕመም ላይ ሊቈይ እንደሚችልና እርሱም እንደ ገላ ሁሉ አስታማሚ እንደሚፈልግ ማስረዳት ነው።

ይህ ነገር ዛሬ የተገኘ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን እንደ መታ፣ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየተቃጠለ እንደሚታሰብ ሁላችንም እናውቃለን። ያው ወረርሽኝ ዓለምን ሁሉ ባዳረሰበት ጊዜ፣ ካርል ሜኒንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን ከተማ በነበረ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከዚሁ በሽታ ጋር ተያይዞ አእምሯቸው የታወከባቸውን 100 ያህል ሰዎች መርምሮ በ1911 ዓ.ም. ጽሑፍ አወጣ። እንግዲህ የተላላፊ በሽታና የአእምሮ መታወክ ግንኙነት በሐኪሞች ዘንድ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት በአገራችን በሰፊው የሚታወቀውን የሳንባ ነቀርሳ በሽታ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የዚህ በሽታ ሕመምተኛ መንፈሱ የሚታወክበት ምክንያት በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ምክንያት በሽታው ራሱ ነው። ሰውነት ከተሐዋስያን ጋር በሚዋጋበት ጊዜ የሚያመነጫቸው ቅመሞች ወደ አንጎል መልእክት ያደርሳሉ፤ በዚህም የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ጉልበት ይዝላል፤ እንቅልፍ ይዛባል፤ ደስታም ይርቃል። ስለዚህ የሕመምተኛው ድካምና ኀዘን ስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት ሳይሆን የሕመሙ አንድ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መድኃኒቱ ነው። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት፣ በቀሩት 4 ወራት ደግሞ 2 ዓይነት መድኃኒት ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አይሶናያዚድ የእግርን ጅማት የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ሕመም ሊያመጣ፣ አልፎ አልፎም አእምሮን ሊያውክ ይችላል፤ ይህንም ለመከላከል ቪታሚን ቢ6 ይታዘዛል። መድኃኒት ለተለማመደው የነቀርሳ ዓይነት ሕክምና በአገራችን በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ሕመምተኛው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ መድኃኒት መውሰድ ነበረበት። ከሚወሰዱትም መካከል ሳይክሎሰሪን የተባለው ብርቱ ድብርትን፣ አንዳንድ ጊዜም ቅዠትንና ራስን የማጥፋት ሐሳብን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ሳይክሎሰሪን የሌለበትን የ6 ወር ሕክምና ፈቅዷል፤ ይሁን እንጂ ይህ ለሁሉም ሕመምተኛ የሚስማማ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ እኛው ነን። ይህን ስል በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ክፍል የነበረ አንድ ባልደረባችን በዚህ በሽታ ታሞ፣ ሁለት ወር ከታከመ በኋላ፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ ሐኪም የፈቀደበትን ወረቀት ይዞ መጣ። ሁላችንም ተነሥተን እንኳን ደኅና መጣህ አልነው። ሻይ በመጣ ጊዜ ግን እኔ የእርሱ ብርጭቆ ከሌሎቹ እንዲለይ ለሻይ አፍዪዋ በጆሮዋ ነገርኋት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ መጠጣቱን ተወ፤ ምሳውንም ብቻውን ይበላ ጀመር። ቈይቶም ከሥራ መቅረት አበዛ። በመጨረሻ መድኃኒቱን ማቋረጡን እኅቱ ነገረችን። በእርስዋና በሐኪሙ ብርቱ ጥረት ሕክምናውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ዳነ፤ እኔ ግን ያን ብርጭቆ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያደረግሁትም ነገር ከንቱ ነበር። ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው ሕመምተኛው ሲያስልና ሲናገር በሚወጣው አየር እንጂ በብርጭቆ፣ በሳሕን፣ በልብስ ወይም በመጨባበጥ አይደለም። መድኃኒቱ የሚሠራለት ሕመምተኛም ሕክምና ከጀመረ ሁለት ሳምንት ያህል ሲያልፈው ብዙውን ጊዜ በሽታውን ማስተላለፉን ያቆማል። እንግዲህ ብርጭቆ መለየት ጤነኛውን ሳይጠብቅ ሕመምተኛውን ብቻ ይጎዳል። ጉዳቱም በእርሱ ላይ አይቀርም፤ ምክንያቱም ተስፋ የቈረጠ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ መድኃኒት ሲቋረጥ ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን ይለማመዳሉ፤ የተለማመዱትም ተሐዋስያን ወደ ቤተ ሰብና ወደ ጎረቤት ይተላለፋሉ። ስለዚህ የሕመምተኛውን መንፈስ መጠበቅ የሁላችንን ጤና መጠበቅ ነው።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባናል?

በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ላሉ አስታማሚዎች። ሕመምተኛውን «አይዞህ፣ አታስብ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቁጭ ብሎ የሚለውን መስማት ያስፈልጋል። በሐኪም ፈቃድ ከቤተ ሰብ ጋር በአንድ ገበታ ይብላ፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ ጥቂት ይራመድ፤ እንደ አቅሙም ቀላል ሥራ ይሰጠው። ጠበል ለመጠመቅ የሚሻ ቢሆን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ያድርገው።

ሁለተኛ በመሥሪያ ቤት ላለን ሰዎች። የክፍል ሹም ሕክምናውን ለመከታተል የሚሄድበትን ጊዜ ሳያጉረመርም ይፍቀድለት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሥራውን ሸክም ያቅልልለት፤ የበሽታውን ስም ለማይመለከተው ሰው አይንገር። መጠንቀቅ ለሚሻ ሁሉ መስኮት ከፍቶ አየር ማዘዋወር ብርጭቆ ከመለየት እጅግ ይሻላል።

ሦስተኛ ለሕመምተኛው ለራሱ። ድብርት፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም ተስፋ መቍረጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይለቅዎ ቢቈይ፣ ነቀርሳውን ለሚያክምዎ ሐኪም ሳያፍሩ ይንገሩት። መድኃኒቱን በራስዎ ሥልጣን አይተዉ፤ ሐኪሙ ሊለውጠው ወይም ረዳት መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል። የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት ቢያዝልዎም የነቀርሳ ሕክምና ላይ እንዳሉ ያስረዱት፤ ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት የአንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳልና።

ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የገለጸ ሰው ቢኖር ግን ይህ ቀጠሮ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም። «የምሬት ንግግር ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ግዴታ ነው።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ከታመመው ገላ ተሐዋስያንን የማስወገድ ሥራ የሐኪምና የመድኃኒት ነው። የዳነውን ሰው ወደ ሰው መካከል የመመለስ ሥራ ግን የእርስዎና የእኔ ነው። ነገ በክፍልዎ ውስጥ ከሕመም ተነሥቶ የሚመለስ ባልደረባ ቢኖር፣ ወንበርዎን ወደ እርሱ ያስጠጉ፤ ሻዩም ከሁሉ ጋር አብሮ ይቀዳለት።