ጥንድ ጥንቸሎችን ሳይነጣጥሉ ከመጠለያ መረከብ

በብሪታኒያ ከእንስሳት መጠለያ ጥንቸል ወስዶ በመኖሪያ ቤቱ ለማሳደግ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ ያልጠበቀው ጥያቄ ይቀርብለታል። ጥያቄውም አንድ ሳይሆን ሁለት ጥንቸሎችን አብሮ ለመረከብ ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑን የሚመለከት ነው። እርስ በርስ የተላመዱ ሁለት ጥንቸሎች በመጠለያው እንደ አንድ የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ከመካከላቸው ደስ ያለውን መርጦ መውሰድ በአብዛኛው አይፈቀድም።

አሠራሩ ለውጭ ተመልካች የተጨናነቀ መጠለያ ቦታ ለማስለቀቅ የዘየደው ዘዴ ሊመስል ይችላል። መነሻው ግን የእንስሳው ተፈጥሮ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ 2006 ወዲህ ደግሞ የሕግ ድጋፍ አግኝቷል።

በአማርኛ «ጥንቸል» የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ እንስሳትን የሚያጠቃልል መሆኑ ጉዳዩን በመጠኑ ያደበዝዘዋል። በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች የሚታየው የዱር ጥንቸል በአመዛኙ ብቻውን የሚውል፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የማይኖርና በእግሩ ፍጥነት የሚተማመን እንስሳ ነው። የቤት ጥንቸል ግን ዝርያው ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የመነጨ ሲሆን፣ መሬት ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ በቡድን ይኖራል። አንዱ ሣር ሲግጥ ሌላው አካባቢውን ይቃኛል፤ አደጋ የተሰማውም በኋላ እግሩ መሬቱን ደብድቦ ሌሎቹን ያስጠነቅቃል። ይህ ባህርይ እንስሳው ሳሎን ውስጥ ቢያድግም አይለወጥም። በመሆኑም ብቻውን የሚኖር ጥንቸል ዘብ የሚቆምለት የሌለው ጥንቸል ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ቀደም ሲል የነበረው ሕግ በዋናነት የሚያተኩረው እንስሳው ጉዳት ከደረሰበት በኋላ ባለቤቱን በመቅጣት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ በ2006 የጸደቀውና በተከታዩ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የእንስሳት ደህንነት ሕግ ግን በአንቀጽ 9 ባለቤቱ አስቀድሞ ሊያሟላቸው የሚገቡ አምስት ፍላጎቶችን ደንግጓል። ተስማሚ መኖሪያና ተስማሚ ምግብ፣ ተፈጥሯዊ ባህርይን ለማሳየት መቻል፣ ከሥቃይና ከበሽታ መጠበቅ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጥንቸልን ይበልጥ የሚመለከተው እንስሳው ከሌሎች ጋር ወይም ከሌሎች ተለይቶ የመኖር ፍላጎቱ እንዲጠበቅለት የሚያዘው ድንጋጌ ነው።

ሕጉ ጥንቸልን በስም አይጠቅስም፤ ሁለት አድርጋችሁ አሳድጉ ብሎም አያዝም። የእያንዳንዱ ዝርያ ፍላጎት ምን እንደሆነ የሚለካው በመልካም የአያያዝ ልምድ ነው። እ.ኤ.አ በ1824 በለንደን የተመሠረተውና በእንግሊዝኛ ምህፃሩ አር.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. በመባል የሚታወቀው የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር ጥንቸል ቢያንስ ከአንድ ተስማሚ ጓደኛ ጋር መኖር እንዳለበት ይመክራል። ተቆጣጣሪዎች ጉድለት ሲያገኙ ወዲያውኑ ክስ ከመመሥረት ይልቅ ባለቤቱ በተወሰነ ጊዜ እንዲያስተካክል የጽሑፍ ማሳሰቢያ የመስጠት ሥልጣን አላቸው። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንስሳ መሸጥም በዚሁ ሕግ የተከለከለ ነው። ለልጅ ተብሎ የሚገዛ ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ሊኖር እንደሚችል ሲታሰብ፣ ኃላፊነቱ የአዋቂው መሆኑ ተገቢ ነው።

ሁለት ጥንቸሎችን በአንድ ክፍል ማዋል ግን ወዳጅ አያደርጋቸውም። የማይተዋወቁ ጥንቸሎች በድንገት ሲገናኙ እስከ ከባድ ጉዳት ሊቧጨሩና ሊናከሱ ይችላሉ። ስለሆነም በመጠለያዎች የማላመዱ ሥራ ደረጃ በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ሁለቱ በሽቦ አጥር ተለይተው ጎን ለጎን እንዲኖሩና ጠረናቸው በጨርቅና በድርቆሽ እንዲለዋወጥ ይደረጋል። ቀጥሎም አንዳቸውም የእኔ ነው በማይሉት አዲስ ሥፍራ፣ በሰው ጥበቃ ሥር ይገናኛሉ። ሂደቱ ከጥቂት ቀናት እስከ በርካታ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አንዱ የሌላውን ግንባር ሲልስና ተደጋግፈው ሲተኙ ጥምረቱ እንደያዘ ይታወቃል። የተጣመሩ ጥንዶችን የሚረከብ ቤተሰብ ይህን አድካሚ ሥራ በባለሙያ ተጠናቆ ያገኘዋል ማለት ነው።

በተሻለ ሁኔታ የሚስማሙት የተኮላሸ ወንድና የመከነች ሴት ናቸው። ሴቷ ለ31 ቀናት ያህል አርግዛ የምትወልድና ወዲያውኑ መልሳ ማርገዝ የምትችል በመሆኗ ቀዶ ሕክምናው ሊዘለል አይገባም። ማምከን በሴቶች ላይ የሚደርሰውን የማኅፀን ካንሰርም ይከላከላል። ወንዱ ከተኮላሸ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት የማስረገዝ አቅም ሊኖረው ስለሚችል፣ ካልመከነች ሴት በዚህ ጊዜ ተለይቶ ይቆያል።

ጥምረቱ በቀላሉ የሚገነባ እንዳልሆነ ሁሉ በቀላሉ ሊፈርስም ይችላል። አንደኛው ታሞ ወደ ሐኪም ሲወሰድ ጤነኛው አብሮት እንዲሄድ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሕክምና ቤት ጠረን ይዞ የተመለሰውን ጓደኛውን እንደ እንግዳ ቆጥሮ ሊያጠቃው ይችላልና። ከዚህ የከፋው ደግሞ በመለያየት፣ በፍርሃት ወይም በሕመም ሳቢያ ምግብ መተው ነው። የጥንቸል አንጀት ያለማቋረጥ መሥራት ያለበት በመሆኑ፣ ከግማሽ ቀን ላላነሰ ጊዜ ያልበላና በጠጥ ያልጣለ ጥንቸል ለሞት የሚያደርስ አደጋ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ስለሆነ ባለቤቱ ጩኸት መጠበቅ የለበትም፤ የድርቆሹን መጉደልና የበጠጡን መጠን በየዕለቱ ማየት ይበቃል።

ምግቡን በሚመለከት ካሮት ብቻ የሚበላ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። ካሮት ስኳር ስለሚበዛበት አልፎ አልፎ ብቻ ይሰጣል። ዋናው ምግብ ድርቆሽና ሣር ሲሆን፣ ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድግ በመሆኑ በማላመጥ ብዛት መሞረድ ይኖርበታል። ይኸው ጥርስ የኤሌክትሪክ ገመድንም አይምርም፤ ስለዚህ ገመዶች ጥንዶቹ ከመምጣታቸው በፊት መሸፈን አለባቸው። ለሁለት ጥንቸሎች የሚመከረው ቦታ ቢያንስ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ሲሆን ከፍታውም አንድ ሜትር ነው። በመደብሮች የሚሸጡት በርካታ የእንጨት ሣጥኖች ከዚህ ያነሱ ናቸው።

ክትባትም ከቤት ለማይወጡት ጭምር አስፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ በ1984 በቻይና የታወቀው የጥንቸሎች የደም መፍሰስ በሽታ በጫማ፣ በድርቆሽና በነፍሳት አማካኝነት ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2010 በፈረንሳይ ሁለተኛው የበሽታው ዓይነት በመገኘቱ፣ ሁለቱንም የሚሸፍን ክትባት በየዓመቱ ይሰጣል።

መጠለያው ጥንዶቹን ከማስረከቡ በፊት ቅጽ ያስሞላል፤ ቤቱን በአካል ወይም በፎቶግራፍ ይመለከታል፤ ክፍያም ይጠይቃል። ሁለት በመሆናቸው የድርቆሹና የቦታው ወጪ እጥፍ ባይሆንም፣ የሕክምናው ወጪ እጥፍ እንደሚሆን ማስላት ያስፈልጋል።

ከሁለቱ አንዱ ሲሞት የተረፈው ጥቂት ጊዜ ከሬሳው ጋር እንዲቆይ ይመከራል። ይህ ያልተደረገለት ጓደኛውን እየፈለገ ሊንከራተት ይችላልና። ከዚያ በኋላ አንዳንድ መጠለያዎች የተረፈውን ተቀብለው ከሌላ ብቸኛ ጥንቸል ጋር ያላምዱታል። ማላመዱ እንደገና ከሽቦው አጥር ይጀምራል።