በሃና አካባቢ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ማስተማር ዘዴ

ሃና ከጂንካ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሳላማጎ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ በቆላው ቦዲዎችና ሙርሲዎች፣ በደጋው ዲሜዎች ይኖራሉ። ስለ እነዚህ ሕዝቦች የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ከንፈር ሸክላና ስለ ጌጥ ስለ ሆነ፤ ልጆቻቸውን እንዴት አድርገው እንደሚያሳድጉ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የትምህርት ነገር ሲነሣም «እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ ምንም አልተማሩም» የሚል ቃል ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከዚህ ተቃራኒ ነው። በሰባት ዓመቱ ወደ ክፍል የሚገባው የቦዲ ልጅ ሌላ የመማር ዘዴ አስቀድሞ የለመደ ነው፤ ስለዚህ በክፍል ውስጥ የሚታይበት ዝምታ የሚመጣው ከዕውቀት ጕድለት ሳይሆን ከሁለት ዘዴዎች አለመተዋወቅ ነው።

ቦዲዎች ራሳቸውን ሜኢን ብለው ይጠራሉ፤ ኑሯቸውም በከብትና በማሽላ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያ በእናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ጥቂት ጠንከር ሲል ታላቅ እኅቱ ታዝለዋለች። መሮጥ ከቻለ በኋላ በመንደሩ አጠገብ ግልገልና ጥጃ ይመልሳል፤ ከዚያ ፍየል፣ ከዚያም ከብት እየጠበቀ ኀላፊነቱ ከዕድሜው ጋራ ያድጋል። ሴት ልጅም ትንሽ ቅል ይዛ ከእናቷ ኋላ ወደ ውሃ ትወርዳለች፤ ቅሉም ከዓመት ዓመት እየተለቀ ይሄዳል። ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳቸው ሰው የለም። ያያሉ፤ ይሞክራሉ፤ ግልገሉ ቢጠፋ ፍለጋው የእነርሱ ነው። የቅርብ አስተማሪዎቻቸውም ከአባትና ከእናት ይልቅ በሁለትና በሦስት ዓመት የሚበልጧቸው ልጆች ናቸው። ጨዋታቸው እንኳ ከዚህ አይርቅም፤ ጠጠሩን ከብት አድርገው በረት ይሠሩለታል፤ ይነዱታል፤ ይከፋፈሉታል።

ይህ አስተዳደግ ምን ዓይነት አእምሮ እንደሚያፈራ ለማወቅ የከብት ቀለምን መመልከት ይበቃል። ካትሱዮሺ ፉኩይ የተባለው ጃፓናዊ የሥነ ሰብ ሊቅ እ. ኤ. አ. በ1970ዎቹ ከቦዲዎች ጋራ ኖሮ እንደ ጻፈው፤ ቦዲዎች የከብትን ቀለምና የዝንጕርጕሩን አጣጣል የሚለዩባቸው ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም ሰው ከስሙ ጋራ የተቈራኘ የራሱ የከብት ቀለም አለው። ከየትኛው ኮርማና ከየትኛዪቱ ላም ምን ዓይነት ጥጃ እንደሚወለድም አስቀድመው ይገምታሉ። በጎረቤታቸው በሙርሲ ዘንድ ደግሞ የቀለም ስም ሁሉ የከብት ቀለም ስም እንደ ሆነ ዴቪድ ተርተን እ. ኤ. አ. በ1980 አሳይቷል። (የደጋው ገበሬም በሬዎቹን ቡሬ፣ ዳማ፣ ቦቃ ብሎ ስለሚጠራ ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ የብዛቱና የጥልቀቱ ነው።) እንግዲህ ማነጻጸርን፣ መመደብንና ከምክንያት ተነሥቶ ውጤትን መገመትን በየቀኑ የሚሠራ ሕፃን ያልተማረ ሊባል የሚችለው በምን ሚዛን ነው?

እኔም በዚሁ ሚዛን ተሳስቼ ነበር። ከውጭ አገር ይዤ የመጣሁትን የሥዕል ካርድ ለአንድ ሰባት ዓመት ለሚሆነው ልጅ እያሳየሁ፥ ላም የተሣለበት ላይ ስደርስ «ይህች ምንድር ናት?» ብዬ በአስተርጓሚ አስጠየቅሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ከጥያቄው አንጻር ዜሮ ጻፍሁ። አስተርጓሚዬ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነበርና ካርዱን እየተመለከተ «መምህር፥ ላሟን እርስዎም ያዩዋታል፤ ታዲያ ስለ ምን ይጠይቁታል?» አለኝ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው ልጅን የሚጠይቀው እሱ ራሱ ያላወቀውን ነው፤ ከብቶቹ በየት እንደ ዞሩ፣ ውሃው ደርቆ እንደ ሆነ። መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ግን ወይ ያሾፋል፥ ወይ ጥፋት ይፈልጋል። በዚያው ቀን ማታ ከብቶቹ ሲገቡ ያ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው፥ ሳይቈጥርም፥ የቀረችውን ጊደር በቀለሟ ጠርቶ ተናገረ።

የዚህ ዓይነቱን ስሕተት በሥርዓት የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። ሮበርት ሰርፔል በዛምቢያና በእንግሊዝ የሚኖሩ የስምንት ዓመት ልጆች የታዩትን ቅርጽ እንዲያስመስሉ አደረገ። በእርሳስና በወረቀት እንግሊዞቹ በለጡ፤ በሽቦ ግን መኪና ጠምዝዘው መጫወት የለመዱት የዛምቢያ ልጆች በለጡ፤ በጭቃ እኩል ሆኑ። ይህ እ. ኤ. አ. በ1979 ታተመ። የዛምቢያው ልጅ በወረቀት ብቻ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ ዐይኑ ደካማ ነው ተብሎ ይጻፍበት ነበር። ቻርልስ ሱፐርም በኬንያ በኪፕሲጊስ መንደር ሕፃናት ቀድመው የሚቀመጡትና የሚራመዱት እናቶቻቸው እነዚህን ሆን ብለው ስለሚያለማምዷቸው መሆኑን እ. ኤ. አ. በ1976 ገልጿል፤ ማንም በማያለማምደው በመዳኽ ግን አይቀድሙም። ልጅ በሰለጠነበት ይፈጥናል ማለት ነው።

ይህን ስል የበረቱ ትምህርት ይበቃል ማለቴ አይደለም። ቀለሙን የለየ ልጅ ውል አያነብም፤ የመድኀኒት ጽሑፍም አይገባውም። በተለይም የኩራዝ ስኳር ልማት በ2003 ዓ. ም. ከተጀመረና የጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ. ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ፥ ግጦሹም የኦሞ ሙላት የሚያጠጣው እርሻም እንደ ቀድሞው አይደሉም። አባት ከልጆቹ አንዱን ለትምህርት ቤት፣ ሌሎቹን ለከብት ሲመድብ ሁለቱንም እየፈራ ነው። ወደ ትምህርት ቤት የላከው ልጅ በመጀመሪያው ዓመት «ፈዛዛ» ተብሎ ከተመለሰ ደግሞ ሌላ ልጅ አይልክም፤ ልጁም ክፍል በዋለበት ጊዜ በረቱ ሊያስተምረው ይችል የነበረው አምልጦታል።

በክፍላችን ያለው በኅብረት ጮኾ የመድገም ልማድ ከየኔታ ደጅ የወረስነው ይመስለኛል። በዚያ ደጅ ግን ፊደል የቈጠረው ተማሪ ታናሹን ያስቈጥር እንደ ነበረ ረስተናል። ከቦዲው አስተዳደግ ጋራ የሚገጥመው ይህ የተረሳው ክፍል ነው። በ2000 ዓ. ም. አካባቢ በአገራችን የተሞከረው «ከልጅ ወደ ልጅ» የተባለው ዘዴ፥ ታላላቅ ተማሪዎች ለሰፈራቸው ሕፃናት ቍጥርና ፊደል በጨዋታ እንዲያስተምሩ የሚያደርግ ስለ ሆነ ለሃና የተስማማ ነው። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። ከዚህ የቀረው የመምህሩ ፈንታ ሲሆን ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ ለመደመርና ለመቀነስ ጠጠሩ በደጅ አለ፤ በረት መሥራቱንም ልጆቹ ያውቃሉ። መምህሩ ሁለት ጠጠር ደብቆ «ስንት ጠፋ?» ቢል፥ ይህ ልጆቹ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።