ዶሮ፣ ቡናና ዳይኖሰር



በማታው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «ዳይኖሰር የሚሉት አውሬ የእውነት ነው ወይስ ተረት?» ይባላል። የእውነት ነው። አንዳንዱ ከዝሆን በብዙ ይበልጥ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ዶሮ ያክል ነበር። በአገራችንም በሙገር ሸለቆ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው ድንጋይ ውስጥ ጥርሱ ተገኝቷል።

ሚሊዮን ሲባል ጭንቅላት ያዞራል። እኔንም ያዞረኛል። ስለዚህ የምድርን ዕድሜ፣ 4 ቢሊዮን 540 ሚሊዮን ዓመቱን፣ ወደ አንድ ዓመት እናጥበው። ምድር የተገኘችው መስከረም 1 ነው እንበል፤ አሁን ያለንበት ሰዓት ደግሞ የጳጉሜን 5 እኩለ ሌሊት ይሁን። እንግዲህ አንዷ ቀን ከ12 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆነች ማለት ነው።

በኅዳር ማብቂያ ገደማ ሕይወት ያለው ነገር ይታያል፤ እሱም በዓይን የማይታይ ደቂቅ ነው። ገና ያልፋል፣ ፋሲካ ያልፋል፣ አብዛኛው አሁንም ያው ደቂቅ ነው። ዓሣ እንኳ የሚመጣው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ዳይኖሰር የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግሥት፣ ነሐሴ 17 ይመጣል። ነሐሴ 30 ላይ፣ ጳጉሜን ሳትገባ ያልቃል።

በቦንጋ ዙሪያ የምናየው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጳጉሜን 2 እና 3 ላይ። ቀዩ አፈራችንም የዚሁ ድንጋይ ብስባሽ ነው። በእኛ መሬት ጉድጓድ ሲቆፈር የዳይኖሰር አጥንት የማይወጣው ለዚህ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የኖረችው በመጨረሻው ቀን፣ ጀምበር ስትጠልቅ ነው። የጎጀብ ውኃ በሚገባበት በኦሞ ታችኛው ክፍል፣ ኪቢሽ ላይ፣ እንደኛ ያለ ሰው አጥንት ተገኝቷል። በ2014 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ዕድሜውን ቢያንስ 233,000 ዓመት ይለዋል። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ሊጋመስ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ነው። ቡናስ? ሁለት የዱር ቡናዎች ተዳቅለው የእኛ ቡና የተገኘው ከ600,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። ከኪቢሹ ሰው ይቀድማል!

ዳይኖሰር ለምን አለቀ? ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዓለት ከሰማይ መጥቶ ዛሬ ሜክሲኮ በምንለው አገር ላይ ወደቀ። አቧራው ፀሐይን ጋረደ። ተክል ጠወለገ፤ ቅጠል በሉ ተራበ፤ ሥጋ በሉም ተከተለው። ሆኖም ዘሩ ፈጽሞ አልጠፋም። የዶሮን እግር አንሥታችሁ እዩ፤ ቅርፊቱንና ጥፍሩን ተመልከቱ። በ1988 ዓ.ም. በቻይና ላባ መሰል ነገር የለበሰ ዳይኖሰር ተገኝቷል። ወፎች ሁሉ የትንንሾቹ ዳይኖሰሮች ዘር ናቸው። በጓሯችን የምትጭረውም ጭምር።

«እንስሳ እንዴት ተለውጦ ሌላ ይሆናል?» ለሚል ሰው መልሱ ከቡናው ማሳ አለ። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው በቅርንጫፉ ላይ ጠቁሮ ቀረ። ነገር ግን በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎች ነበሩ። የጅማ ምርምር ባለሙያዎች የደቡብ ምዕራቡን ቡና እየዞሩ የእነዚህን ዘር ለቀሙ። ገበሬው 74110 እያለ የሚጠራው ዘር ከዚያ የመጣ ነው፤ 74 የተባለውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ስለተመረጠ ነው። እዚህ ላይ የመረጠው ሰው ነው። በዱር ግን በሽታው፣ ድርቁና ብርዱ ራሳቸው ይመርጣሉ። የተረፈው ይወልዳል፤ ልጁም እሱን ይመስላል። ይኸ በሚሊዮን ዓመት ሲደጋገም አዲስ ዓይነት ፍጥረት ይወጣል።

«ታዲያ እኛ ከዝንጀሮ ተወለድን?» አይደለም። የዛሬው ዝንጀሮ አያታችን ሳይሆን የሩቅ ዘመዳችን ነው፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ አንድ ቅድመ አያት ያገናኘናል።

ወደ ቡናው ልመለስ። በሽታው በመጣ ጊዜ መምረጥ የተቻለው ልዩ ልዩ ዓይነት ዛፍ ስለነበረ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ አብሮ ይረግፍ ነበር። የዱር ቡና ዓይነቱ በብዛት ያለው እዚሁ በከፋና በአጎራባቾቹ ደን ነው፤ ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. የከፋን ደን የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል። ደን ሲመነጠር የሚጠፋው ጥላና እንጨት ብቻ አይደለም። የሚቀጥለውን በሽታ የሚችለው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ አብሮ ይቆረጣል።