የማርኪዛው ጨርቅ ሲቀደድ፦ ከመቆረጡ በፊት የሚጠየቅ

የበረንዳ ማርኪዛ አረጀ ሲባል ብዙ ጊዜ ያረጀው ጨርቁ ብቻ ነው። ቱቦው፣ ክንዶቹና ማዞሪያው ደህና ከሆኑ ሙሉውን መለወጥ አያስፈልግም። ሻጭ መጥቶ «ይሄ አይጠገንም፣ አዲስ ግዙ» ካላችሁ የተበላሸው የቱ ክፍል እንደሆነ በጣቱ ያሳያችሁ።

ከዚያ በፊት ስፌቱን እዩት። ፀሐይ ብዙ ጊዜ ከጨርቁ በፊት የምትጨርሰው ክሩን ነው። ጨርቁን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትስቡት ካልተቀደደ፣ እንደገና ማሰፋት ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ጨርቁ ካለቀለት በብዛት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አክሪሊክ ቀለሙ ክሩ ሲሠራ አብሮ የገባ ስለሆነ ቶሎ አይነጣም፤ አየርም ያሳልፋል። ፕላስቲክ የተቀባው ዝናብ አያስገባም፣ ነገር ግን ሙቀቱን ከሥሩ ያፍነዋል። በበጋ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ቡና ለሚጠጣ ሰው አክሪሊኩ ይሻላል እንላለን።

ዋናው ጉዳይ ልኩ ነው። የጨርቁ ወርድ ከፊት ካለው ዘንግ ትንሽ ያንሳል፤ ቁመቱ ደግሞ ማርኪዛው ሲዘረጋ ከሚታየው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም ቱቦው ላይ ተጠምጥሞ የሚቀር አለ። በስልክ «ስንት ሜትር ነው?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሠራተኛ ገምታችሁ አትንገሩት። መጥቶ ራሱ ይለካ፤ የለካውንም ሀዝማናው ላይ ጽፎ ይፈርምበት።

ይህን አጥብቀን የምንለው በሕጉ ምክንያት ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ እንደሚችል ብዙዎች ያውቃሉ። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች፣ በግዢው ጊዜ ከሻጩ ጋር ከተነጋገሩ ጊዜው እስከ 4 ወር ይደርሳል። ለአንድ ገዢ ተብሎ በልኩ የተሠራ ዕቃ ግን ከዚህ መብት ውጭ ነው። ተቆርጦ የተሰፋ የማርኪዛ ጨርቅ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ ነው፤ «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብሎ መመለስ አይቻልም። ልኩ ከተሳሳተ ጥፋቱ የለካው ሰው ነው፤ የለካችሁት እናንተ ከሆናችሁ ክርክሩ ይከብዳችኋል። ስለዚህ የቀለሙን ናሙና በቀን ብርሃን በረንዳው ላይ ዘርግታችሁ እዩ። የሚነገራችሁ ዋጋም ማዓምን፣ መግጠሙንና አሮጌውን ማንሳቱን የሚጨምር መሆኑን አስጽፉ።

ልጆች «እኛ እንለውጠዋለን» ሊሉ ይችላሉ። ጨርቁ ከቱቦው ጎድጓዳ መስመር በጎን ተስቦ ስለሚወጣ ሥራው ቀላል ይመስላል። በሚታጠፉት ክንዶች ውስጥ ግን ኃይለኛ ስፕሪንግ አለ፤ የያዘው ጨርቅ ሲለቀቅ ያልታሰረ ክንድ ተወንጭፎ ፊት ወይም እጅ ሊሰብር ይችላል። ባለሙያ መጀመሪያ ክንዶቹን በጠንካራ ቀበቶ ያስራል። መሰላል ላይ ወጥቶ ሳያስር መፍታት የሚጀምር ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

አዲሱ ጨርቅ ዝናብ ከነካው እርጥቡን ጠቅልላችሁ አታሳድሩት። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ አለዚያ ይሻግታል፣ የሻጋታው ጥቁር ነጥብም በቀላሉ አይለቅም።