ፈቃድ ያላት አስታማሚ፦ በአሜሪካ ሆስፒታል የነርስ ሥራና የእኛ ድርሻ



የአገራችን ሰው አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ሲተኛ ቤተሰቡ ደጋግሞ የሚጠይቀው «ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ነው። ዶክተሩ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ጧት ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ፣ ጠይቆና መርምሮ ወደ ሌላው በሽተኛ ያልፋል። ቀንና ሌሊት እየተመላለሰች የምታየው ግን ነርሷ ናት። ሕመሙ ሲብስ ቀድማ የምታውቀው፣ ዶክተሩንም በእኩለ ሌሊት ደውላ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እኛ ደግሞ ዋና ዋናውን ነገር ለዶክተሩ ብለን እናስቀምጥና እሷ ስትጠይቀን «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እንሸኛታለን። ይህ ልማድ አንዳንዴ ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ዛሬ ነርስ በበሽተኛ እንክብካቤ ውስጥ ያላትን ሥራና ኃላፊነት፣ የእኛንም ድርሻ አብረን እንመልከት። (ወንዶች ነርሶችም ብዙ ናቸው፤ በሴት አንቀጽ የምንጽፈው ለአነጋገር እንዲቀና ብቻ ነው።)

አስታማሚና ሲስተር

አገር ቤት ሆስፒታል የገባ ሰው አጠገቡ አስታማሚ አይጠፋም። ምግብ የምታቀርበው፣ ገላውን የምታጥበው፣ አንሶላ የምትቀይረው፣ የታዘዘውን መድኃኒት ገዝታ የምትመጣው እህት ወይም እናት ናት። «ሲስተር» እያልን የምንጠራት ነርስ ደግሞ መርፌ ትወጋለች፣ ግሉኮስ ትሰቅላለች፣ ቁስል ትጠርጋለች። በዚህ የተነሳ ነርስ ማለት የሐኪም ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ የሚመስለን ጥቂቶች አይደለንም።

አሜሪካ ውስጥ ግን የአስታማሚውም የሲስተርም ሥራ በአብዛኛው በነርሷ ኃላፊነት ሥር ይወድቃል። በራስዋ ስም የወጣ የግዛቱ የሥራ ፈቃድ አላት፤ ሥራዋን በትክክል ባትሠራ በሕግ የምትጠየቀው ራስዋ ናት። ሙያው ትንሽ ሙያ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ቤተሰባቸው በእንግሊዝ አገር በስደት ሳለ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 ካረፉ በኋላም አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ሆስፒታል ተሠርቶላቸው ነበር።

ማን ማን ነው?

ሆስፒታል ውስጥ ሁሉም ተመሳሳይ ልብስ ስለሚለብስ መለየቱ ያስቸግራል። ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ማየት ይረዳል። ሲ ኤን ኤ የሚባሉት ረዳቶች አጭር ሥልጠና ወስደው በሽተኛ የሚያጥቡ፣ የሚያበሉና የሚያነሱ ናቸው፤ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚህ ሥራ ላይ ተሠማርተው ይገኛሉ። ኤል ፒ ኤን የሚባሉት አንድ ዓመት ያህል የተማሩ ሲሆኑ መድኃኒት መስጠትና ቁስል ማሸግን የመሳሰለውን ይሠራሉ። አር ኤን የምትባለው ሬጅስተርድ ነርስ ደግሞ ሁለት ወይም አራት ዓመት ኮሌጅ ተምራ የአገር አቀፉን የፈቃድ ፈተና ያለፈች ናት፤ የበሽተኛውን ሁኔታ የመገምገምና የእንክብካቤውን ዕቅድ የማውጣት ኃላፊነት የእሷ ነው። ከዚያ በላይ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ትምህርት የጨረሰችው ነርስ ፕራክቲሽነር ትመረምራለች፣ መድኃኒትም ታዛለች። «ዛሬ የአባቴ ነርስ ማን ናት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የምትለካው ለምንድን ነው?

ነርሷ ወይም ረዳቷ በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ከጠና ደግሞ ከዚያ አዘውትራ፣ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የአተነፋፈስ ብዛት፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ትለካለች። ለአዋቂ ሰው በእረፍት ላይ ሳለ የልብ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሽ ከ12 እስከ 20፣ ኦክስጅን ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ ሲሆን በአብዛኛው ደኅና ነው ይባላል። የነርሷ ችሎታ ግን ቁጥሩን መጻፍ ላይ አይደለም፤ ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ላይ ነው። ጧት 16 የነበረው ትንፋሽ ማታ 26 ከሆነ፣ በሽተኛው ከቀድሞው የተለየ ግራ መጋባት ካሳየ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ሰውየው ገና «ደኅና ነኝ» እያለ ሰውነቱ ግን ሌላ ነገር እየተናገረ ነው። ኢንፌክሽን ወደ ደም ሲገባ ወይም ከውስጥ ሲደማ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው እንዲህ ያለ ትንሽ ለውጥ ነው። ስለዚህ እናታችን «ሌሊቱን አላስተኙኝም፤ ሽንቴንም ሳይቀር ይለካሉ» ብለው ሲያማርሩ ነገሩን እናስረዳቸው።

ስምና የልደት ቀን

መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ነርሷ አምስት ነገር ታረጋግጣለች፦ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ (በአፍ ነው፣ በመርፌ ነው)፣ ትክክለኛው ሰዓት። በዚህ ምክንያት በቀን ስምንት ጊዜ ብትመጣ ስምንቴም «ስምህ ማነው? የተወለድህበት ቀንስ?» ትላለች። ረስታ ወይም ንቃ አይደለም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰዎች የተለየ ችግር ይገጥማቸዋል። በወረቀቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ አንዲት እናት በአያታቸው ስም ሲጠሩ አቤት ላይሉ ይችላሉ። የልደት ቀናቸውን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲናገሩ ደግሞ ከመዝገቡ ጋር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። ብዙ ሰው በስደት ወረቀቱ ላይ የተሞላለት ቀን ጃንዋሪ 1 መሆኑንም አያውቀውም። ሆስፒታል ከመሄዳችን በፊት መዝገቡ ላይ ያለውን ስምና ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፈን በቦርሳቸው ብናደርግላቸው ትልቅ ስሕተት ይከላከላል።

«እምቢ» የማለት ግዴታ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፤ ነርስ የታዘዘው መድኃኒት ወይም መጠን ስሕተት መስሎ ከታያት ዝም ብላ መስጠት የለባትም። ዶክተሩን ትጠይቃለች፤ መልሱ ካላሳመናት ወደ ነርሶቹ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ላይ ታደርሳለች። «ዶክተሩ ነው ያዘዘኝ» የሚለው ቃል ፈቃዷን አያድንላትም። ስለዚህ ነርሷ በበሽተኛውና በሚደርስበት ጉዳት መካከል የቆመች ዘብ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ዘብ ደግሞ የሚጠብቀው የሚያየውንና የተነገረውን ያህል ነው።

ለምን ያስነሱታል?

ባህላችን የታመመ ሰው ይረፍ፣ አታንቀሳቅሱት ይላል። ነርሷ ግን ትናንት ቀዶ ጥገና የተደረገለትን አባታችንን ዛሬ «ተነሣና ተራመድ» ስትለው ጨካኝ ትመስለናለች። ምክንያት አላት። ተኝቶ የሚውል ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። በጥልቀት የማይተነፍስ ሰው የሳንባ ምች ይይዘዋል። አልጋ ላይ በአንድ ጎኑ የሚተኛ ሰው ቆዳው ይቆስላል፤ መነሣት የማይችለውን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ የሚያገላብጡት ለዚህ ነው። ብቻውን ተነሥቶ እንዳይወድቅም መጥሪያውን እጁ ላይ ያኖሩለታል። «እነሱን ከማስቸግር» ብሎ በሌሊት ብቻውን ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ አዛውንት ዳሌውን ሰብሮ ይገኛል። መጥሪያው የተሠራው እንዲደወል ነው።

አንዲት ነርስ ለስንት ሰው?

ነርሷ ዘግይታ ስትመጣ ሁልጊዜ ቸልተኝነት አይደለም። የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርስቲዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በዚያው ግዛት 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንዲት ነርስ በምትይዘው ቁጥር ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችውና ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ ከሁለት በሽተኛ በላይ እንዳትይዝ፣ በተራው የሕክምናና የቀዶ ጥገና ክፍል ደግሞ ከ2005 ወዲህ ከአምስት እንዳይበልጥ ወስናለች። ብዙዎቹ ግዛቶች ግን እንዲህ ያለ ጥብቅ ገደብ የላቸውም። ስለዚህ «ዛሬ ስንት በሽተኛ ይዘሻል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ሁኔታውን ለመረዳት ይጠቅማል።

የእኛ ድርሻ

አንደኛ፣ ይሉኝታን ቤት እንተው። ነርሷ «ሕመምህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ስትል የእኛ ሰው ጥርሱን ነክሶ «ሁለት» ይላል። በዚያ ቁጥር መሠረት ማስታገሻው ይቀንሳል፤ ያመመው ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አይራመድም፣ ከላይ ያልናቸው ጣጣዎች ይከተላሉ። ስምንት ከሆነ ስምንት ይባል።

ሁለተኛ፣ ቤት የምንወስደውን ሁሉ እንናገር። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ተዳምሮ ያደማል። ጎመን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪን (ኩማዲን) የተባለውን ደም ማቅጠኛ ኃይሉን ይቀንስበታል። በዐቢይ ጾም ጎመን በድንገት የሚያበዛ ሰው ይህን ለነርሷ መንገር አለበት። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በጾም ወይም በረመዳን ምግብ ሳይቀምስ የተለመደውን መጠን ከወሰደ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ነርሷ በጾማችን ላይ ለመፍረድ ሳይሆን መጠንና ሰዓት ከዶክተሩ ጋር ለማስተካከል ነው የምትጠይቀው።

ሦስተኛ፣ አስተርጓሚ እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ፤ አማርኛ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይገኛል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቷን የማኅፀን ሕመም እንድታስተረጉም ማድረግ ለልጅቷም ለእናትየዋም ከባድ ነው፤ ደንቡም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን ማስተርጎሚያ ማድረግን ይከለክላል። ሰውነቷን ወንድ እንዲያያት የማትፈልግ እናትም ሴት ነርስ ትጠይቅ፤ በተቻለ መጠን ያመቻቹላታል።

አራተኛ፣ መጥፎ ዜናን የመደበቅ ነገር አለ። እኛ ካንሰር የተገኘበትን ሰው ልቡ እንዳይሰበር ብለን እንደብቀዋለን። እዚህ አገር ግን ለራሱ ሕክምና የሚፈርመው በሽተኛው ነው፤ ነርሷም ሲጠይቃት አትዋሸውም። መፍትሔው አስቀድሞ አባትየውን «ውጤቱን ራስህ መስማት ትፈልጋለህ ወይስ ለልጅህ ይነገር?» ብሎ ማስጠየቅ ነው። «ለልጄ ንገሩ» ካለ ምርጫው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይከበርለታል። በሌላ በኩል ለጥየቃ የመጣ የሠፈር ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ቢላት ነርሷ አትናገርም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግ የበሽተኛን ምስጢር እንድትጠብቅ ያዛታል። በዚህ አንቀየማት።

አምስተኛ፣ ስንወጣ አንቸኩል። ወደ ቤት ሲሸኙን ነርሷ መድኃኒቱን አስረድታ «አሁን አንተ በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ትላለች። ፈተና አይደለም፤ እሷ በትክክል ማስረዳቷን የምታረጋግጥበት ዘዴ ነው። ራስ ነቅንቆ «እሺ፣ እሺ» ማለት እዚህ ላይ ይጎዳናል። ካልገባን አልገባኝም እንበል፤ የትኛው መድኃኒት እንደቆመ፣ የትኛው እንደተጨመረ፣ ምን ምልክት ሲታይ ተመልሰን እንደምንመጣ ጽፈን እንውሰድ።

በመጨረሻም ለቤተሰብ አንድ ነገር እናስታውስ። አብዛኞቹ ነርሶች የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ስለሚሠሩ ጧትና ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ገደማ፣ ሥራ ይረካከባሉ። በዚያ ሰዓት አንድ የቤተሰብ አባል አልጋው አጠገብ ቢገኝ ሌሊት የሆነውን ይሰማል፤ የተረሳም ካለ ያስታውሳል። አባታችንን ለአርባና ለሃምሳ ዓመት እናውቃቸዋለን። ነርሷ ደግሞ የትንፋሻቸውን ቁጥር ታውቃለች እንጂ ከዛሬ በፊት አይታቸው አታውቅም። «አባባ እንዲህ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ዛሬ አንድ ነገር ሆኗል» ብለን የምንነግራት ቃል ከመሣሪያው ቀድሞ ሊያነቃት ይችላልና፣ ቀላል ነው ብለን አንተወው።

ለታመሙት ምሕረትን፣ ለሚያስታምሙት ብርታትን ይስጥልን። ቸር ይግጠመን።